ሹመት አንፈልግም ብለው የማሉ ሰዎች

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሹመት ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ አንዴ ካመለጠ አይገኝምና ሳይሻሩ መብላት ነው ይለናል። ይህን ተረት እየሰማ ላደገ ሰው፣ አባላቱን «ሹመት አልፈልግም፤ እንዲሰጠኝም ደጅ አልጠናም» ብሎ ቃል የሚያስገባ ማኅበር አለ ቢሉት ይስቃል። ግን አለ። ኢየሱሳውያን ይባላሉ፤ ጀስዊቶች የሚላቸውም አለ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በትምህርት ቤቶቻቸው ከሚታወቁት ማኅበራት አንዱ ነው። የመጨረሻውን ስእለት የሚገቡ አባላቱ በማኅበሩ ውስጥም ሆነ ከማኅበሩ ውጪ ከፍ ያለ ሹመት ላለመሻት ቃል ይገባሉ።

እነዚህ ሰዎች ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸው ታሪክ ረጅም ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰውን ደም ነው። ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙትና የመሩትም የዚያው ማኅበር ሰዎች መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው አያያይዘውም። ማኅበሩ ያው ነው፣ ደንቡም ያው ነው። አንዱ ጊዜ አገር ታመሰ፣ ሌላው ጊዜ ትምህርት ቤት ቆመ። ምን ተለወጠ? መልሱ «የመጀመሪያዎቹ ክፉ፣ የኋለኞቹ ደግ ነበሩ» የሚል ቢሆን ቀላል ነበር። አይደለም።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕፃናት ጋር የተቀመጠው ወታደር

የማኅበሩ መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የባስክ ባላባት ልጅ ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው ክብርና ዝና ሲያሳድድ ነው። በ1521 ፓምፕሎና ላይ በተደረገ ውጊያ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። ወራት አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያነበው የክርስቶስንና የቅዱሳንን ታሪክ ብቻ ሆነ፤ ሲነሣ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣ።

ሌሎችን መርዳት ፈለገ። ግን አልተማረም። በዚያ ዘመን ያለ ላቲን የትም አይደረስም፤ እሱ ደግሞ ላቲን አያውቅም። ስለዚህ ዕድሜው 33 ገደማ ሲሆን ባርሴሎና ውስጥ ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰዋስው ጀመረ። ያ ሁሉ ኩራት የነበረው ወታደር ከትናንሽ ልጆች እኩል ግሥ ሲያረባ መገመት ነው። በኋላ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እዚያ ካገኛቸው ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የጀመረውን ማኅበር ጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊ በ1540 አጸደቁለት።

ማኅበሩ ሲጀመር ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ አልነበረውም። በ1548 የሲሲሊዋ የመሲና ከተማ ሰዎች ልጆቻችንን አስተምሩልን አሉ፤ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አልቆመም። ኢግናጥዮስ በ1556 ሲሞት ትምህርት ቤቶቹ ከ30 በላይ ነበሩ። በ1599 ደግሞ «ራሽዮ ስቱዲዮሩም» የተባለ ዝርዝር የትምህርት ሥርዓት ወጣላቸው። ከበላይ አለቃው ጀምሮ እስከ መምህሩና ተማሪው ድረስ የእያንዳንዱ ሥራ ተለይቶ ተጽፎበታል። ተማሪዎችም በቡድን ተከፍለው የበረታው ሌሎቹ ያጠኑትን ይሰማ ነበር። በኛ የቆሎ ትምህርት ቤት የገፋው ተማሪ ጀማሪውን እንደሚያስቀጽለው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ኢግናጥዮስ ያስቀመጣቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ያልኩት ነው፤ ሹመት አለመሻት። ሁለተኛው በየቀኑ ቆም ብሎ ራስን መመርመር፤ ዛሬ ምን አደረግሁ፣ የት ተሳሳትኩ ማለት። ሦስተኛው ሌላው ሰው የተናገረውን ከማውገዝ በፊት በጎ ትርጉም ለመስጠት መሞከር፤ አልገባ ካለ መጠየቅ፤ ስሕተት ከሆነም በፍቅር ማረም። እነዚህን ሦስቱን እንያዝ። ቀጥሎ ለሚመጣው ታሪክ ሚዛን ይሆኑናል።

ለኢትዮጵያ ሲባል የተከፈተ በር

ኢግናጥዮስ አባላቱ ጳጳስ እንዳይሾሙ አጥብቆ ይከላከል ነበር። ለኢትዮጵያ ግን ተሸነፈ። የፖርቱጋል ንጉሥ ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ከማኅበሩ እንዲላክ ጠየቀ፤ ኢግናጥዮስም ፈቀደ። ምክንያቱ ይህ ሹመት ክብር ሳይሆን መከራ ነው የሚል ነበር። ሩቅ አገር፣ አደገኛ መንገድ፣ ምቾት የሌለው ኑሮ። እዚህ ሹመት ላይ የሚጓጓ የለም ብሎ አሰበ።

በ1555 ለፓትርያርክነት ለታጨው ለዣኦ ኑኔስ ባሬቶ የጻፈለት ምክር ዛሬም ሲነበብ ይገርማል። የሕዝቡን ልማድ በአንዴ ለመለወጥ አትሞክሩ ይላል። በለስላሳ ሁኑ፤ ለረጅም ጊዜ በሌላ መንገድ የኖረን ነፍስ አታስጨንቁ። ትምህርት ቤት ክፈቱ፣ ሆስፒታል አቋቁሙ፣ ልጆችን አስተምሩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ቦታው ላይ ሆናችሁ እንዳያችሁት አድርጉ ብሎ ነጻነት ሰጣቸው። የዚህ ነጻነት ውጤት በየተሿሚው የሚለያይ ሆነ።

የምክሩን ግብ ግን መሸፋፈን አያስፈልግም። ኢግናጥዮስም ቢሆን ኢትዮጵያውያን ሃይማኖታቸው የጎደለ ነው፣ ወደ ሮማ መመለስ አለባቸው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ለስላሳነቱ የመንገዱ እንጂ የመድረሻው አልነበረም።

ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያያት ጎዋ ላይ ሞተ። ረዳቱ አንድሬ ደ ኦቪዬዶ ግን በ1557 ደረሰ። የጠበቀው ዓፄ ገላውዴዎስ ደግሞ እንደተወራለት «ለመመለስ የተዘጋጀ» ንጉሥ አልነበረም። ሃይማኖቱን የሚያውቅ፣ ቅዳሜን የምናከብረው፣ የምንገረዘው፣ የዓሣማ ሥጋ የማንበላው ለዚህ ለዚህ ነው ብሎ በጽሑፍ ያስረዳ ሰው ነበር። ኦቪዬዶ ተከራከረ፤ አልሆነለትም። በ1559 የኢትዮጵያውያንን እምነት የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ። በጎ ትርጉም ስጥ፣ አልገባ ካለህ ጠይቅ የሚለው ምክር እዚህ ላይ ቀረ። ገላውዴዎስ በዚያው ዓመት በጦርነት ሞተ፤ ወንድሙ ዓፄ ሚናስ ኦቪዬዶን አባረረው። ኦቪዬዶም ዓድዋ አካባቢ ፍሬሞና በተባለ ቦታ በድህነት ኖሮ በ1577 አረፈ።

ፓኤዝና ልጆቹ

በ1603 አንድ ስፔናዊ እንደ አርመን ነጋዴ ለብሶ ምጽዋ ወረደ። ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የመጀመሪያ ሙከራው ላይ ተይዞ ሰባት ዓመት የመን ውስጥ ታስሯል። ሁለተኛው ሙከራ ተሳካለት።

ፍሬሞና እንደደረሰ ያደረገው ነገር ኢግናጥዮስ ባርሴሎና ላይ ያደረገው ነው። ተማሪ ሆነ። ግእዝ ተማረ፣ አማርኛ ተማረ። ለሕፃናት የሚሆን አጭር የጥያቄና መልስ ትምህርት በአገሩ ሰዎች እርዳታ አስተረጎመና ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1604 ዓፄ ዘድንግል ሲጠራው አስተማሪው ብቻ አልነበረም የታየው፤ ይዟቸው የሄዱት ልጆች ንጉሡ ፊት ጥያቄ እየተቀባበሉ ሲመልሱ ቤተ መንግሥቱ ተደነቀ።

ንጉሡ በጣም ስለተደሰተ ወዲያው ለውጥ ሊያውጅ ተነሣ። ፓኤዝ «ቀስ በል» አለው። ዘድንግል አልሰማም፤ ዐመፅ ተነሣና በዚያው ዓመት ተገደለ። ከጥቂት ዓመታት ሽኩቻ በኋላ በ1607 ዓፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ያዘ፤ ፓኤዝም የእሱ ወዳጅ ሆነ። ጎርጎራ ላይ መሬት ተሰጠው፤ እጁን ጠቅልሎ ድንጋይ የሚያስጠርብ፣ ሕንፃ የሚያስገነባ ሰው ሆነ። በ1618 ከንጉሡ ጋር ተጉዞ ግሽ ዓባይን አየ። የኢትዮጵያን ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ሲናገር ፓኤዝ በዚያው ዓመት በትኩሳት ሞተ።

ታሪኩ በአብዛኛው ሲነገር ፓኤዝ ጥሩው፣ ቀጥሎ የመጣው ሜንዴዝ መጥፎው ሆኖ ነው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ፓኤዝ ትሑት ነበር፣ ታጋሽ ነበር፣ ሰው ያከብር ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ላይ፣ በንጉሡ ላይ ነበር። ሰዉ ሳይጠየቅ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ለውጥ ነበር የተዘጋጀው። ገና እሱ በሕይወት እያለ፣ በ1617፣ ሃይማኖታችን ተነካ ብለው የተነሡት ሰዎች ተዋግተዋል፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም በዚያ ውጊያ ተገድለዋል። መሪው ደግ ስለሆነ ብቻ መንገዱ ደግ አይሆንም።

ሹመት ይዞ የመጣው

አልፎንሶ ሜንዴዝ በፖርቱጋል የተከበረ የነገረ መለኮት ሊቅ ነበር። በሊዝበን ፓትርያርክ ተብሎ ተሾመ፤ በ1625 ኢትዮጵያ ገባ። በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ በተደረገ ታላቅ ሥርዓት ሱስንዮስ ለሮማው ጳጳስ ታማኝነቱን ማለ። ከዚያ ትእዛዙ ተከታተለ። የተጠመቀው ዳግመኛ ይጠመቅ። ካህኑ እንደገና ክህነት ይቀበል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ይባረክ። የጾሙና የበዓሉ አቆጣጠር ይለወጥ። ግዝረት ይቅር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ፣ ሰው ቀን ከሌት እየተጠቀመበት ያለን ሲስተም «ስሕተት አለበትና ጠቅላላውን ከዜሮ እንጻፈው» የሚል ጎበዝ ሰው ሁሌም አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ጎበዝነቱ እውነት ነው። ችግሩ የቆየው ነገር ለምን እንደዚያ እንደተሠራ አለመጠየቁ ነው። ሜንዴዝን ሳነብ የማስበው ይህን ሰው ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰርቨር ይወድቃል፣ እሱ ዘንድ ሰው ነው የወደቀው። አንድን ገበሬ ዳግም ተጠመቅ ስትለው እናትህም አባትህም ሳይጠመቁ ነው የሞቱት እያልከው ነው። አንድን ቄስ ዳግም ክህነት ተቀበል ስትለው እስከዛሬ የቀደስከው ቅዳሴ ሁሉ ባዶ ነበር እያልከው ነው።

ዐመፁ በየቦታው ተነሣ። ከሁሉ የበረታው ላስታ ላይ መልክዐ ክርስቶስ የመራው ነበር። በሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ የሱስንዮስ ጦር አሸነፈ፤ ወደ 8,000 ሰው እንደሞተ ይነገራል። ንጉሡ ግን ድል አድርጎ ደስ አላለውም። አብረውት የነበሩት ሰዎች፣ ሜዳው ላይ የወደቁት አረመኔ ወይም ባዕድ ሳይሆኑ የራሱ ሕዝብ፣ የራሱ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ነገሩት። ሱስንዮስ በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀደ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ሜንዴዝ ጎዋ ገብቶ እዚያው አረፈ።

የማኅበሩ ስእለት ከሹመት የሚከለክለው ለዚህ ይመስለኛል። ሜንዴዝ ስግብግብ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለራሱ ሀብት አላከማቸም። ግን ሹመቱ አንድ ነገር አሳጣው፤ «አይሆንም» የሚለውን ሰው መስማት። ንጉሡ ከጎኑ ነው፣ ሠራዊቱ ከንጉሡ ጎን ነው፣ እውነቱ ደግሞ በእጁ እንዳለ እርግጠኛ ነው። እንዲህ ያለን ሰው ማን ያቆመዋል?

ያለ ቀሚስ

አሁን ሦስት መቶ ዓመት እንሻገር። 1945 ነው። ጣልያን ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነው። በወረራው ዘመን ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገድለዋል፤ መንግሥት መሥሪያ ቤቱን የሚሞላበት ሰው የለውም። እንግሊዞች ደግሞ አገሩ ውስጥ እጃቸው ረዝሟል። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በ1925፣ ገና ራስ ተፈሪ እያሉ፣ ለከፈቱት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ይፈልጋሉ። ወደ ካናዳ፣ ወደ ኩቤክ ኢየሱሳውያን ዞሩ።

ምርጫው ሲታሰብ ድፍረት አለው። የሱስንዮስ ታሪክ አልተረሳም፤ ካቶሊክነትም ከጣልያን ጋር ተያይዞ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ካናዳ አፍሪካ ውስጥ ቅኝ ግዛት የላትም፤ መምህራኑ ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ይችላሉ። ንጉሡም የካቶሊክ መምህር ከቅርብ ያውቃሉ። ልጅ ሆነው ሐረር ፈረንሳይኛ ያስተማሯቸው አባ ሳሙኤል በካቶሊክ ሚሲዮን የተማሩ ነበሩ።

ሆኖም ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሃይማኖት አትሰብኩም፤ የክህነት ቀሚስ አትለብሱም። መምህር ሆናችሁ ኑ። በሉሲየን ማት የሚመሩት ካናዳውያን ተቀበሉት። እንደማንኛውም የፈረንጅ አስተማሪ ሱፍና ክራባት አድርገው ተፈሪ መኮንን ገቡ።

ይህን ቀላል ነገር አድርገን እንዳናየው። አንድ ሰው ቤተሰቡን፣ ትዳሩን፣ አገሩን የተወለትን እምነት አትናገር ሲባል እሺ ማለቱ ከባድ ነው። የቀድሞዎቹ ያልቻሉት ይህንን ነበር። ኦቪዬዶም ሜንዴዝም ባለቤቱ ያስመረውን መስመር ማክበር አልሆነላቸውም፤ ፓኤዝ እንኳን ያከበረው ቀስ ብሎ ለማለፍ ነው። ካናዳውያኑ ግን አገሩ «እዚህ ድረስ» ሲላቸው እዚያ ቆሙ። ቆመውም ማስተማር ያለባቸውን አስተማሩ።

በ1949 ንጉሡ ማትን ኮሌጅ አቋቁም አሉት። በሚቀጥለው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዛሬ የሳይንስ ግቢ በሆነው አራት ኪሎ ላይ ትምህርት ጀመረ። ማት ፕሬዚዳንት ሆነ። አዎ፣ ይህም ሹመት ነው። ግን ሰጪው የሚያገለግለው አገር ነው፣ ወሰን አለው፣ ማብቂያም አለው።

የልጆቹ ድምፅ

እነዚህን ሰዎች ቅዱሳን ማድረግ አልፈልግም። ጥብቅ ነበሩ። ተማሪውን እንደ አባት ልጅ ነበር የሚያዩት፤ ፖለቲካ ውስጥ እንዲገባ አይፈልጉም ነበር። ተማሪዎቹም በዚህ ያጉረመርሙ ነበር።

ግን ሰው ማሰብ ከተማረ በኋላ የት ድረስ እንደሚያስብ መምህሩ አይወስንም። በ1958 ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች በነጻ የትምህርት ዕድል መጡ፤ ስለ ነጻነትና ስለ ፓርቲ የሚያወሩ ልጆች ነበሩ። ውይይቱ ሞቀ። በታኅሣሥ 1960 ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው አደባባይ ወጡ። በ1961 በኮሌጁ ቀን የግጥም ውድድር ላይ ታምሩ ፈይሳ «ድኻው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን አቀረበ። በንጉሥ ፈቃድ የተከፈተ፣ በካህናት የሚመራ ኮሌጅ ውስጥ ተምሮ ስለ ድኻው የሚናገር ተማሪ ተገኘ። ይህን ካናዳውያኑ አቅደውት አይደለም፤ ምናልባትም አልወደዱትም። ግን ተማሪው የሚያስብበት ቦታ ለአሥር ዓመት አደራጅተው ጠብቀዋል።

የፍሬሞና ልጆች ንጉሡ ፊት የተማሩትን መልስ በቃላቸው ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። የአራት ኪሎ ልጆች ማንም ያላስጠናቸውን ተናገሩ። ከሁለቱ የትኛው ትምህርት ቤት ተሳካለት ብባል ሁለተኛውን እላለሁ። መሪውን ማስደሰት ብቻ የሚችል ተማሪ ያወጣ ትምህርት ቤት ነገ መሪው ሲያጠፋ የሚናገረው ሰው አያገኝም። ሜንዴዝ አጠገብ የጠፋው ይህ ሰው ነበር።

በ1961 ኮሌጁ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋህዶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ማት ወንበሩን ለቀቀ። ከአጭር የሽግግር ጊዜ በኋላ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከካናዳውያኑ አንዳንዶቹ ግን አልሄዱም፤ ትናንት በሚያስተዳድሩት ቦታ ተራ መምህር ሆነው ክፍል መግባታቸውን ቀጠሉ።

ለኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ዛሬ የተማሪ ክበብ የምትመሩ፣ ማኅበር የምታስተባብሩ፣ ቢሮ ውስጥ አምስት ሰው ሥራችሁ የተደረገ ልጆች ትኖራላችሁ። ልስልስ መሆን ጥሩ ነው፤ ግን ፓኤዝም ልስልስ ነበር። እርግጠኛ መሆንም አያድንም፤ ከሜንዴዝ በላይ እርግጠኛ ማን ነበር? የሚጠየቀው ሌላ ነው። እዚህ ጋ አቁም ያላችሁን ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ወንበሩንስ ለሌላ ብትለቁ፣ ነገ ጠዋት ተመልሳችሁ እዚያው ቦታ ተራውን ሥራ ለመሥራት ትመጣላችሁ ወይ?